ሐጃ በር ላይ ያለችው ጣዎስ

ሐጃ ስትቆጣ አገጯን ወደ አንገቷ ስባ ታስገባለች። ያኔ አንገቷ ሁለት ቦታ ይታጠፋል። ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ በግራ እጇ ከኋላዋ ሰብሰብ አድርጋ ታነሣለች፤ ጫፉ ግን አይሰበሰብላትም፣ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተላታል። ርምጃዋ አጫጭር ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ስለምወዳት አይደለም። ሰው የሚጠላውን ሰው አጥርቶ ያያል፤ እኔ ደግሞ ሐጃን አንድ ኸሪፍ ሙሉ፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ፣ አጥርቼ አይቻታለሁ።

ፊት ለፊቷ አንቱ እላታለሁ። ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ይህ ዘንድሮ ያገኘሁት ደስታ ነው። ትምህርት ቤታችን ከካርቱም በኩል የሸሹ ሰዎች ከሰፈሩበት ወዲህ ክፍል ገብቼ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ የተማርኩት ሁሉ በዐረብኛ ነበር። አማርኛ መጻፍ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ በአሮጌ ደብተሬ ጀርባ። መጀመሪያ «ሀ»ን እና «ሐ»ን ለምን ሁለት እንዳደረጓቸው እያልኩ እነጫነጭ ነበር። አሁን እጄ ተፍታቷል። የፈለግሁትን ሰው በሦስት መስመር ወረቀት ላይ ማቆም እችላለሁ። በጠመኔማ ድሮም እችል ነበር፤ እዚህ የምጽፈውም የጠመኔውን ነገር ነው።

አባቴ ገዳሪፍ ውስጥ ብረት ሠሪ ነው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አትክልት ውስጥ የሚቀመጥ ወንበር፣ አበባ ተንጠላጥሎ የሚወጣበት ቅስት ይሠራል። ወርሻው ከገበያው ኋላ ነው፤ አራት ምሰሶና የቆርቆሮ ጥላ፣ ከሥሩ የሲሚንቶ ወለል። አጠገባችን አንዲት የከረን ሴት ሻይ ትሸጣለች። በከተማው ብየዳ የሚበይድ ሞልቷል፤ አባቴ ግን ገና በእሳት የሚሠራ ሰው ነው። ቶንዲኖውን፣ ቀጭኑን ዘንግ ብረት፣ ከሰል ውስጥ አግሎ፣ መስፉ ላይ አሳርፎ፣ በመዶሻ እየመታ እንደ ሐረግ ይጠቀልለዋል። ድሮ ይበይድ በነበረ ጊዜ የብየዳው ብልጭታ ቀኝ ዓይኑን ወስዶበታል፤ የዓይኑ ቆብ ወርዶ ቀርቷል። ግራው ይሠራል፣ ግን የሚያየው የቅርቡን ነው። ስለዚህ ሲሠራ ፊቱን ከብረቱ አንድ ስንዝር ላይ ያደርጋል፤ ሥራውን የሚያየው ስንዝር ስንዝር ነው።

ሥዕሉ የእኔ ነው። በሩ የሚኖረውን ቅርጽ በልኩ፣ ወለሉ ላይ፣ በጠመኔ እሥላለሁ። አባቴ የጋለውን ብረት አጥፎ መስመሩ ላይ ያስተኛዋል። ከጠመኔው ከወጣ መልሶ ይመታዋል። ጠመኔው ያለውን ነው የሚሠራው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በሩ አልቆ ሲሄድ ወለሉን በውሃ እናጥበዋለን፤ የአንዱ ሰው በር ሌላው ላይ እንዳይደገም። ይህ የአባቴ ደንብ ነው፣ ይኮራበታል።

«አንቺ ሣዪ፣ እኔ እከተላለሁ» ይለኛል ሁልጊዜ።

ሐጃ ከእኛው አገር የመጣች ነጋዴ ናት። ሰሊጥና ቅመም ትነግዳለች፤ ከገለባት እስከ ከሰላ የማያውቃት ሾፌር የለም። ከሰፈራችን ግማሹ በእሷ ሱቅ ይሠራል፣ ግማሹ በእሷ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ስለዚህ ሐጃን የሚናገራት የለም። አዲስ ቤት አሠርታ ስትጨርስ አባቴን አስጠራችው፤ የግቢ በር፣ አትክልቱ መሃል ጀሀነሚያ የሚሉት አበባ የሚወጣበት ቅስትና ሁለት ወንበሮች እንዲሠራላት።

ልኩን ለመውሰድ አብሬው ሄድኩ። ሐጃ በረንዳው ላይ የልጅ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ገና መራመድ ያልጀመረ፣ ጉንጩ የተነፋ ልጅ። አባቴ በበሩ ቦታ ብቅ ሲል የቶቧን ጫፍ አንሥታ ልጁ ፊት ላይ ጣለችበት። ልጁ ከሥር ተፍጨረጨረ። አባቴ፣ ሙቀቱ አይከብደውም ወይ አላት በትሕትና። ዝንብ አለ አለችው። ዝንብ አልነበረም።

በእኛ አገር በኩል ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ልጅ ይበላል ይባላል። የዓይኑ ቆብ የወረደ ቀጥቃጭ ከሆነማ አለቀለት። እኔ አባቴ ልጅ ሲበላ አላየሁም፤ የበግ ቅልጥም ሲያገኝ ግን አይምርም። ሐጃ ያንን ቃል አንድም ቀን አልተናገረችም። መናገር አያስፈልጋትም ነበር። አባቴ ውሃ ጠየቀ፣ በብርጭቆ መጣለት፣ ጠጣ። ብርጭቆውን ሲመልስ ሐጃ ለሠራተኛዋ እዚያው ፊታችን፣ ይቺ ለናዕናዕ ትሁን አለቻት። ሠራተኛዋም አንድ ዘለላ ናዕናዕ፣ ለሻይ የሚሆነውን ናና፣ ቆርጣ፣ ውሃ ሞልታ፣ ብርጭቆዋን ከአጥሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ ከእንግዲህ ሰው እንዳይጠጣባት። በሚቀጥለው ስንሄድ ሌላ ብርጭቆ፣ ሌላ ናዕናዕ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አጥሩ ላይ አምስት የናዕናዕ ብርጭቆ ተሰልፎ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሐጃ ናዕናዕ መውደዷ አለኝ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ወርሻው ድረስም ትመጣ ነበር። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቁማ ትወርዳለች፣ ወንበራችን ላይ ከቤቷ ያመጣችውን ፌስታል ታነጥፋለች፣ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የወይን ሐረግ ሣልኩላት፤ አልወደደችውም። ጨረቃና ኮከብ ሣልኩላት፤ የመስጊድ በር አላዘዝኩም አለች። ሦስተኛውን ሳትነሣ በጫማዋ አጠፋችው። ከሰላ ውስጥ አንድ ሀብታም ቤት በር ላይ ጣዎስ አይታለች፤ ጣዎስ ትፈልጋለች። አንዲት ብቻ፣ በቀኙ መዝጊያ ላይ። በግራው ሐረግ ብቻ ይሁን። ሁለት እንዳይሆን አስጠነቀቀችን፤ በአንድ በር ሁለት እመቤት አይኖርም አለች።

ከዚያ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ በሚጠራበት ስም ጠራችው።

«ያ ኡስታ፣ በአንድ ዓይን ጣዎስ ይሠራል?»

አባቴ ሣቀ። ከእሷ እኩል፣ ከልቡ የሚመስል ሣቅ። «ግማሹን እኔ አየዋለሁ ሐጃ፣ ግማሹን ልጄ» አላት።

በእሷ ቀልድ ምንም አልተሰማኝም ነበር። ያ የአባቴ ሣቅ ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የሣቀበትን ነገር ለማስከፈል ወሰንኩ፤ ማንን እንደማስከፍል ግን በደንብ አላሰብኩበትም።

በዚያ ሳምንት ኔትዎርክ ጠፍቶ ነበር። የጣዎስ ፎቶ የሚያሳየኝ ስልክ የለም። ጣዎስ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሐጃን ግን አይቻለሁ።

አባቴ ቀትር ላይ ለዙህር ሰላት እንደወጣ ጠመኔዬን ያዝኩና ጎንበስ አልኩ። አንገቷን በአንድ መስመር ሳብኩት፤ አገጭ ወደ ውስጥ፣ ሁለት እጥፋት፣ ደረት ወደ ፊት። ከዚያ ጀርባዋን፣ እሱም ክብ ነው፣ ብዙ ብረት ይፈጃል። ከዚያ ጅራቷን፤ ሌላው ጣዎስ ጅራቱን ይዘረጋል ይባላል፣ የእኔዋ ግን በአንድ በኩል ሰብስባ አንሥታ ጫፉ መሬት ለመሬት ይከተላታል። እግሮቿን አጠገብ ለአጠገብ አደረግኋቸው፣ አጭር ርምጃ። ጠመኔውን ሳላነሣ ነው የጨረስኩት ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ብቻዬን ጮክ ብዬ ሣቅሁ። እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ሻይ ሻጯ ትሪዋን ይዛ ስታልፍ ቆመች። ወለሉን አየች። አፏን በጣርሓዋ፣ በሻሿ፣ ሸፈነች፤ ሻዩ ከብርጭቆው ተደፋ።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ይቺንስ ባልሠራሽ» አለችኝ። ጥቂት ሄደች፣ ተመለሰች። «ጅራቷን ትንሽ ብታስረዝሚላት።»

አስረዘምኩላት።

አባቴ መጣ። እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ሥዕሉን ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ በጉልበቱ እየሄደ፣ ስንዝር በስንዝር አነበበው። አንገቷ ለምን ሁለት ቦታ እንደታጠፈ ጠየቀኝ። ጣዎስ እንደዚያ ናት አልኩት። አንቺ ካልሽ ነዋ አለና ከሰሉን ለማያያዝ ሄደ።

ያቺን አንገት ለማውጣት ሦስት ቶንዲኖ አቃጠለ። ሁለተኛው እጥፋት ላይ ሲደርስ ብረቱ ይቀዘቅዝበታል፣ ሲያግለው ደግሞ የመጀመሪያው ይፈታበታል። በመጨረሻ የመጀመሪያውን እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የቀረውን ብቻ እሳት ውስጥ ነክሮ መታው። ጠመኔው ላይ ሲያስተኛው ልክ ገጠመ። ቁጭ አለና ላቡን ጠረገ፣ አንገቷን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ እጥፋት አላወጣሁም አለኝ። ጅራቷን ጫፍ ጫፉን እንደ ቅጠል እስኪሳሳ ቀጠቀጠው። ሌላ ሥራ አልቀበልም ብሎ ሰዎች መለሰ። ምሳውን እዚያው ቆሞ ይበላል። አንድ ወር ሙሉ ያንን ስድብ በፍቅር ቀጠቀጠ፤ እኔም ከሰሉን እየቆሰቆስኩ አየሁት። ልነግረው የምችልበት ቀን ብዙ ነበር። አልነገርኩትም፤ እሱ ካወቀ ጅራቷን እንደዚያ አያሳምርልኝም ብዬ ነው።

በሩ የተሰቀለ ቀን ሐጃ ወጥታ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። እኔ ከአባቴ ጀርባ ገባሁ። ልጇ፣ ምራቷ፣ ሠራተኛዋ ከኋላዋ ቆመዋል። ምራቷ ጣዎሷን አየች፣ አማቷን አየች፣ ከዚያ የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ ጎንበስ አለች። ያደረገችው ሲሊፐር ነበር።

«ማሻአላህ» አለች ሐጃ። «ኩራቷ ደስ ይላል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሰው ወደ ገበያ ለመሄድ በሐጃ በር ዞሮ መሄድ ጀመረ። ሴቶች ሲያልፉ ክንድ ለክንድ ይያያዛሉ፣ ጥጉን እስኪታጠፉ ይታገሣሉ፣ ከዚያ ይፈነዳሉ። ከእሷ ሱቅ ዱቤ የሚወስዱት የበለጠ ይሥቃሉ። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ከመፋዛ በኩል ሰው ሲገባ፣ በጭነት መኪና ላይ እንደተቀመጡ በሩ ፊት ቀስ በልልን ይሉ ነበር ሾፌሩን። ሐጃ ሰው የሚያየው በሩ አምሮ መሰላት። በሩ በየሳምንቱ በነጭ ጋዝ እንዲወለወል አደረገች። ወፏ እያብረቀረቀች ይበልጥ እሷን መሰለች።

የሚሣቅበት ማን እንደሆነ ያልገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ሐጃ ናት። ሁለተኛው አባቴ።

ሰዉ ግን አባቴ አውቆ የሠራው ነው ብሎ ነው ያሰበው። ያ ዝም ያለ ሰውዬ ለካ እንዲህ ዓይነት ጉድ ኖሯል አሉ። ሥጋ ሻጩ ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ እጁን ጨበጠው፣ ኡስታ እጅህ ይባረክ አለው። ሰላምታ የማይሰጡት ሰዎች ቆመው ያዋሩት ጀመር። መስጊድ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ያሳየኸን ነገር ዕድሜያችንን ጨመረልን አሉት። አባቴ ይህን ሁሉ ለአንገቷ እጥፋት የተሰጠ ምስጋና አድርጎ ወሰደው። ማታ ማታ ለእናቴ አንድ በአንድ ይነግራታል፤ እከሌ ይህን አለ፣ እከሌ ይህን አለ። እናቴ ታውቅ ነበር። ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ እሰይ ትለዋለች።

ሃያ ዓመት ቀጥቅጦ ማንም ቀና ብሎ አላየውም ነበር። አሁን ጢሙን በየጁምዓው መላጨት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሰላት ሲመለስ ከሐጃ በር ማዶ ካለው ግድግዳ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ከዚያ ርቀት ምንም እንደማይታየው እያወቀ። በስልኬ ፎቶ አንሺኝ አለኝ፣ በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ። ለወንድሙ ወደ ወድ ኤል ሒለው ላክሁለት። አጎቴ የመለሰውን የሣቅ ድምፅ አባቴ የደስታ ነው አለኝ።

እኔም ዝናዬ ወጥቶ ነበር፣ በሹክሹክታ። አንዲት ጎረቤታችን መጥታ፣ ፍየልስ ሰው ሊመስል ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የባሏን እናት አስባ ነው። ሌላዋ አከራይዋን ግመል አድርጌ ለመስኮቷ እንድሥልላት ፈለገች። ወረፋ አስያዝኳቸው። በከተማው ሰው መሣል የሚችል ከእኔ ሌላ የሌለ እስኪመስለኝ ድረስ ኮራሁ።

ከዚያ ዒድ መጣ።

እናቴ ከዕክ፣ የዒድ ብስኩት፣ ጋግራ በትሪ አድርጋ ወደ ሐጃ ቤት ላከችኝ። ስደርስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። አባቴ በሠራው ቅስት ላይ ጀሀነሚያው ወጥቶ አብቧል፤ ሐጃ ከሥሩ፣ አባቴ ከሠራው ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ለእንግዳ ወለል ብሎ ስለተከፈተ ጣዎሷ ወደ ግቢው ዞራ እንደ አንድ እንግዳ አብራን ናት። የናዕናዕ ብርጭቆዎቹ አሁንም አጥሩ ላይ ናቸው።

ያ የሐጃ የልጅ ልጅ አሁን ይራመዳል፣ አፉንም መፍታት ጀምሯል። ከእናቱ እቅፍ ተንሸራትቶ ወረደና እየተንገዳገደ ወደ በሩ ሄደ። የጣዎሷን ጅራት ጨበጠ።

«ሐቦባ» አለ።

እዚህ አገር ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ምራቷ ፈጠን ብላ ሄደችና ትከሻውን ይዛ አዞረችው፣ ሐቦባማ እዚያ ናት አለችው። ልጁ ሐጃን አየ፤ «ሐቦባ» አለ ወደ እሷ እየጠቆመ። ወደ ወፏ ዞረ፤ «ሐቦባ» አለ። ለሁለቱም እኩል አደለ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። ሐጃ፣ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ምራቷ ልጁን አነሣችው። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ከወፏ ጎን ቆመች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ገባት። ገብቷት ተቆጣች። ተቆጥታ አገጯን ወደ አንገቷ ሳበች፣ ቶቧን በግራ እጇ ከኋላዋ ሰብስባ አነሣች።

ከኋላ አንዷን ሣቅ በአፍንጫዋ አመለጣት። ከዚያ ሁሉም። በእሷ ቤት የሚኖሩት፣ በእሷ ሱቅ የሚበሉት፣ ያን ሁሉ ወር ጥግ እስኪታጠፉ የታገሡት ሴቶች ፊት ለፊቷ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ትሪው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከዕኩ እየወደቀ።

ሐጃ አልጮኸችም። ሣቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ተመልሳ ተቀመጠች። ረክሻ ላኩና ኡስታውን አምጡልኝ አለች፤ እስኪመጣ ድረስ ማንም እንዳይሄድ፣ ሻይ እንዲቀዳ አዘዘች። ሴቶቹ የተቀዳላቸውን ሻይ ጠጡ።

አባቴ ነጭ የዒድ ጀለቢያውን ለብሶ፣ መዶሻና የግራሶ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። የበሩ ማጠፊያ ተንጫጭቶ ነው የጠሩኝ ብሎ ነው። ሁሉንም ዒድ ሙባረክ አለ።

«ና ያ ኡስታ» አለችው ሐጃ፣ ያን ያህል ለስላሳ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። «ይህን በር እንዴት እንደሠራኸው ለእንግዶቼ ንገርልኝ።»

አባቴ ደስ አለው። እንግዳ ፊት ልታመሰግነው መሰለው። አባቴ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ተናገረ። ስለ ሦስቱ ቶንዲኖ ተናገረ። ስለ እርጥቡ ጨርቅ፣ አንዱ እጥፋት ሲቀዘቅዝ ሌላው እንዴት እንደሚጋል፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ መዶሻው እንዴት ቀለል ማለት እንዳለበት። በእጁ አየር ላይ እያጠፈ አሳያቸው። ሴቶቹ ጉልበታቸውን ያያሉ። ላስቆመው ፈለግሁ፤ የወደቀውን ከዕክ መልቀም ጀመርኩ።

ሲጨርስ ሐጃ ተነሣችና ከወፏ ጎን ቆመች። ቶቧን በእጇ አነሣች። አገጯን ሳበች።

«አሁን ደግሞ እኔን እየኝ።»

ከሩቅ ስለማይታየው ቀረበ፤ ብረት እንደሚያይ፣ አንድ ስንዝር ድረስ። ሐጃን ያን ያህል ቀርቦ ያያት ቀጥቃጭ የለም። አንገቷን አየ። ወደ ብረቱ ዞሮ የወፏን አንገት አየ። አውራ ጣቱን ሁለተኛው እጥፋት ላይ አደረገ። ጣቱ እዚያው ቀረ።

«ጠመኔው የማን ነው?» አለችው።

«የእኔ ነው» አለ አባቴ።

«አንተማ አይደለህም። አንተ አንድ ወር ስትቀጠቅጣት አላየሃትም። ሰው ሲሥቅ የከረመው በእኔ ብቻ ይመስልሃል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አላየሁበትም። የሥጋ ሻጩን፣ የሽማግሌውን፣ የሻይ ሻጯን፣ የወንድሙን፣ እጅህ ይባረክ ያሉትን የሁሉንም ምስጋና በልቡ አንድ በአንድ ሲመልስላቸው ነው ያየሁት። ከዚያ መዶሻውን አነሣ። ወፏን አሁኑኑ እንደሚነቅላት፣ ሌላ በነፃ እንደሚሠራላት፣ ይቅር እንድትለው ነገራት።

«አይነቀልም። ሰው ከሣቀ በኋላ ባዶው ቦታም ያሥቃል» አለች። ወደ እኔ አየች። «ግን ይቺ ሴት ብቻዋን ናት፣ ባል ያስፈልጋታል። ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ጠመኔ ይዘሻል?»

ጠመኔ ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም።

«ለግራው መዝጊያ የሚሆን አውራ ዶሮ ሣዪልኝ። አባትሽን አድርገሽ።»

አባቴን አየሁት። ሣዪ አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው። በረንዳው መሃል ሄዶ ቆመ። ሐጃ፣ ቀጥ አትበል፣ እንደ ሁልጊዜህ ቁም አለችው። እንደ ሁልጊዜው ቆመ።

ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን አውቄ አበላሸሁት፤ ማንንም የማይመስል አውራ ዶሮ። ሐጃ መጥታ በጫማዋ አጠፋችው። ይህ የማንም ዶሮ ነው፣ እሱን ሣዪ አለችኝ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል፤ መዶሻው ነው ያወረደው። አንገቱ ወደ ፊት ይቀድማል፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ቀርቦ ሊያይ እንደሚሄድ። አናቱ ላይ ያለው ጉትያ፣ አባቴ የሰላት ቆቡን እንደሚያደርገው፣ ወደ አንድ ወገን ጋደል ይላል። ደረቱ የለም። መስመሩ እጄ ሥር ሲሮጥ ተሰማኝ፤ አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም። ዓይኑን ግማሽ ዘጋሁት።

ሴቶቹ ቀስ በቀስ ቀርበው ከበቡኝ። አንዷ ሣቀች። ከዚያ እንደገና ሁሉም፣ አሁን ፈቃድ አግኝተው። ሐጃ ራሷ እስክታለቅስ ሣቀች፤ «ወላሂ ራሱ ነው፣ ወላሂ ራሱ» አለች። የልጇ ልጅ አጨበጨበ። ያን ቀን ቶብ የጣለበት ሰው አልነበረም፤ አባቴን ዓይን ለዓይን እያየ ቆሞ ምንም አልሆነም።

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ብዋሽ የሚያውቅብኝ የለም፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሥዬ አላውቅም፣ ሰውም አይቶ ወዲያው ራሱ ነው አለ።

ከዒዱ በኋላ ሥዕሉን ወርሻው ወለል ላይ ደገምኩት። ሻይ ሻጯ ያን ሰሞን ወደ እኛ በኩል አላለፈችም። አባቴ ከሰሉን አያያዘ፣ ትከሻውን ሠራ፣ አንገቱን ሠራ፣ ጉትያውን በቀጭን ላሜራ ቆርጦ አጋደለው። ስንዝር በስንዝር። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሥራው ካልሆነ በቀር አላናገረኝም፤ ስለ ሥራው ግን እንደ ድሮው አናገረኝ፣ ከሰል ጨምሪ፣ ጉጠቱን አቀብይኝ።

ዓይኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተንበርክኮ ጠመኔውን ከቅርብ አየው።

«ግማሽ ነው ያደረግሽው?»

አዎ አልኩት።

«ጠመኔውን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። አባቴ ሲሥል አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቱን ወለሉን እስኪነካ ድረስ ዝቅ አድርጎ፣ በተንቀጠቀጠ መስመር፣ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች አወረደው፤ ሊዘጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ።

«አሁን ልክ ነው» አለና ብረቱን እሳት ውስጥ ከተተው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቱን ነበር፤ ከእኔው ይሻላል።